የበረሃ አበል በግልባጭ

ሁለት ሰዎች ይነጋገራሉ። አንደኛዋ በሰሜን ካሮላይና የሕዝብ ትምህርት ቤት ሒሳብ የምታስተምር ሐበሻ ናት። ሁለተኛው ድሮ አገር ቤት ጂኦግራፊ ያስተምሩ የነበሩ፣ አሜሪካ ከገቡ በኋላ ሌላ ሥራ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። የቤታቸውን ዕዳ ከፍለው ጨርሰዋል፤ ግብሩ ግን አያልቅም። ወሩ ሜይ ነው። ካውንቲው በጀቱን ከማጽደቁ በፊት ነዋሪውን ሊሰማ ቀጠሮ ይዟል። ሰዎቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ ካውንቲያቸውንም ስም አልሰጠሁትም። ሕጉና የስቴቱ ቁጥር ግን ፈጠራ አይደለም።

ጋሼ፦ እስቲ አስረጂኝ። ስቴቱ ደመወዝ ይከፍላችኋል። ታዲያ ካውንቲው የእኔን የቤት ግብር ጨምሮ ለእናንተ የሚሰጠው የምን ገንዘብ ነው?

መምህርት፦ ሳፕሊመንት ነው ጋሼ። ስቴቱ ለሁላችንም አንድ የደመወዝ ሰንጠረዥ አለው፤ በአገልግሎት ዘመን የሚሄድ። በ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀማሪው በዓመት 41,000 ዶላር፣ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለው 55,950 ዶላር ነው። ራሌ ያስተምር፣ ተራራው ላይ ያስተምር፣ ባሕሩ ዳር ያስተምር፣ ለውጥ የለውም። ከዚያ በላይ ያለው የየካውንቲው ጉዳይ ነው። አቅም ያለው ይጨምራል፤ የሌለው እጁን ያጣጥፋል።

ጋሼ፦ አቅም ያለው ስንት ይጨምራል?

መምህርት፦ ራሌ ያለበት ዌክና ሻርለት ያለበት መክለንበርግ በአማካይ ከ8,000 ዶላር በላይ ይጨምራሉ። በሌላው ጫፍ፣ ስቴቱ እጁን እስኪያስገባ ድረስ፣ አንድም ሳንቲም የማይጨምሩ ነበሩ።

ጋሼ፦ ይገርማል። እኛ ዘንድ እኮ ተገላቢጦሽ ነበር። አበል የሚባለው ቆላ ለወረደ፣ ጠረፍ ለተመደበ ሰው ነው። የበረሃ አበል። ወባ አለ፣ ውሃ የለም፣ ቤተሰብ ሩቅ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ይጨመርልሃል። እርግጥ ነው፣ አበሉ የወባ ክኒን እንኳ አይገዛም ነበር። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፤ ሰው ለማይመኘው ቦታ ተጨማሪ ይከፈላል። እዚህ ግን ሰው ሁሉ ለሚመኘው ቦታ ነው ተጨማሪው የሚከፈለው!

መምህርት፦ እርስዎ በአንድ አፍ ያሉትን ጠበቆቹ ሠላሳ ዓመት ሲሟገቱበት ኖሩ።

ጋሼ፦ የምን ጠበቆች?

መምህርት፦ በ1994 የአምስት ድሃ ካውንቲዎች የትምህርት ቦርዶች ከወላጆችና ከተማሪዎች ጋር ሆነው ስቴቱን ከሰሱ። ሆክ፣ ሃሊፋክስ፣ ሮብሰን፣ ከምበርላንድና ቫንስ። ሊያንድሮ የሚባለው መዝገብ ነው። ክርክራቸው፣ ሕዝባችን ከገቢው አንጻር ብዙ ግብር ይከፍላል፣ ግን የሚገመተው ንብረት ትንሽ ስለሆነ ለትምህርት ቤት የሚደርሰው ከሀብታሞቹ ጋር አይቀራረብም የሚል ነበር። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 ግማሹን ሰጣቸው፤ እያንዳንዱ ልጅ በቂ መሠረታዊ ትምህርት የማግኘት መብት አለው አለ። እኩል ገንዘብ ግን የግድ አይደለም አለ። ለምን ቢባል፣ ካውንቲዎች ከራሳቸው መጨመር እንደሚችሉ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይፈቅዳላ።

ጋሼ፦ ስለዚህ ልዩነቱ ሕጋዊ ነው።

መምህርት፦ ሕጋዊ ነው። መነሻውም ክፋት አልነበረም። በ1930ዎቹ ድቀት ጊዜ ካውንቲዎቹ መምህር የሚከፍሉበት አጡ። በ1933 ስቴቱ የሽያጭ ግብር አወጣና የትምህርት ቤቶችን የሥራ ማስኬጃ ተረከበ፤ ሕንፃው ለካውንቲው ቀረ። በሌላው አሜሪካ ብዙ ቦታ ለመምህሩ ደመወዝ የየሰፈሩ የቤት ግብር ትልቅ ድርሻ አለው። የሰሜን ካሮላይናው በዚያ ዘመን ለድሃው ያደላ ሥርዓት ነበር። ኋላ ግን የስቴቱ ደመወዝ ከኑሮው እየቀረ ሲሄድ ክፍተቱን ካውንቲው ይሙላው ተባለ። መሙላት የቻለው ሞላ።

ጋሼ፦ መንግሥት ዝም ብሎ አየ?

መምህርት፦ ዝም አላለም። በኖቬምበር 2021 በጸደቀው በጀት 100 ሚሊዮን ዶላር ለዚሁ ተብሎ ተያዘ፤ በኋላም ከፍ አለ። ከመቶው ካውንቲ መጀመሪያ ያልተካፈሉት አምስት ብቻ ናቸው፤ ዌክ፣ መክለንበርግ፣ ደርሃም፣ ጊልፈርድና በንከም። ካውንቲው በዚህ ገንዘብ የራሱን ተክቶ እንዳያመልጥም ተከልክሏል። ዜሮ የነበሩት ቦታዎች ላይ መምህራን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳፕሊመንት አዩ። ግን ሀብታሞቹም ቆመው አይጠብቁም። ድሃው አንድ ደረጃ ሲወጣ እነሱ ሁለት ይወጣሉ።

ጋሼ፦ ታዲያ የእኛ ካውንቲ አሁን እጨምራለሁ ሲል ጎረቤቱን እየዘረፈ ነዋ! ከዚያ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት መምህር አጥቶ፣ አንዱ ሞግዚት ልጆቹን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ ይውላል። አንቺ ራስሽ ከየት መጣሽ?

መምህርት፦ ከዚያው ማዶ። ስድስት ዓመት እዚያ አስተምሬ ነው የመጣሁት። እርስዎ ያውቃሉ።

ጋሼ፦ ስለማውቅ ነው የምጠይቅሽ።

መምህርት፦ እንግዲህ ይጠይቁኝ። ያው ስቴት፣ ያው የማስተማር ፈቃድ፣ ያው መጽሐፍ፤ 40 ደቂቃ መንዳት ብቻ። የልዩነቱ ገንዘብ ሁለቱን ልጆቼን ለበጋ ካምፕ ያስገባል። ከሁሉ በላይ ግን ጡረታውን አስልቼ ነው የወሰንኩት። ሳፕሊመንቱ እኮ ለጡረታ ይያዛል። ቀመሩ የተከታታይ አራት ከፍተኛ ዓመታት አማካይ ደመወዝ፣ ሲባዛ በ1.82 በመቶ፣ ሲባዛ በአገልግሎት ዘመን ነው። የ8,000 ዶላር ሳፕሊመንት ለሠላሳ ዓመት አገልጋይ በጡረታ ላይ በየዓመቱ 4,368 ዶላር ይጨምራል፤ እስከ ዕለተ ሞት። ድሃ ካውንቲ የቀረች ጓደኛዬ ሥራ ላይ እያለች ታጣዋለች፣ ጡረታ ወጥታም ታጣዋለች። አስተምራቸው የነበሩት ልጆች አሳዝነውኛል፤ ግን የእነሱን ካውንቲ ድህነት እኔ በደመወዜ ልሸፍንላቸው አልችልም።

ጋሼ፦ አልወቀስኩሽም። እኔም ብሆን መምጣቴ አይቀርም ነበር። ገንዘቡ መንገዱን ያሳይሻል፣ አንቺ ትሄጂበታለሽ። የምለው፣ የካውንቲው ሰዎች «መምህሮቻችንን አከበርን» ብለው ሲያጨበጭቡ፣ መምህሩ ከየት እንደተነሣ አንድ ሰው ይጠይቅ ነው።

(እዚህ ላይ ጋሼ ትክክል ይመስሉኛል። የሳፕሊመንት ክርክር ሲነሣ ሁሉም የጎረቤቱን ሰንጠረዥ ይዞ ይመጣል፤ ግን ከእኛ በላይ የሚከፍለውን ጎረቤት ብቻ ነው። በታች ያለውን ማንም ፎቶ ኮፒ አያደርግም።)

መምህርት፦ እሺ፣ የራሳችንን እንይ። የቀረበው ማሻሻያ ሁለት ነገር ይላል። እስከ ዛሬ የነበረውን በመቶኛ የሚሰላ ሳፕሊመንት ትቶ ለሁሉም እኩል የተቆረጠ ገንዘብ ይሁን፤ ተጨማሪ በጀት ከተገኘ ደግሞ ለጀማሪዎች ይጨመር።

ጋሼ፦ ምን ክፋት አለው? እኩል ነው። ዳቦ ለጀማሪውም ለአንጋፋውም ዋጋው አንድ ነው። ቤት ኪራይማ ለጀማሪው ይብሳል፤ አንቺ ቤት ገዝተሻል፣ እሱ ከሦስት ሰው ጋር ተዳብሎ ነው።

መምህርት፦ ወረቀትና እስክሪብቶ ያምጡ። 15 በመቶ ነው እንበል። ጀማሪው ከ41,000 ላይ 6,150 ያገኛል። ባለ 25 ዓመቱ ከ55,950 ላይ 8,392። አሁን ለሁሉም 7,000 ይሁን ስንል፣ ለጀማሪው 850 ጨመርን፣ ከአንጋፋው 1,392 ወሰድን። «ማንም ከነበረው አይቀንስም» የሚል አንቀጽ ያስገባሉ፤ እሱም ለነባሮቹ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ እዚያ ዕርከን ላይ የሚደርሰው ሰው አይነካውም።

ጋሼ፦ አንቺ ስንተኛሽ ነው?

መምህርት፦ አሥራ ሰባተኛዬ። ጉዱ እዚያ ላይ ነው። በስቴቱ ሰንጠረዥ ከ15ኛው እስከ 24ኛው ዓመት ቁጥሩ አይንቀሳቀስም። ሰንጠረዡን ላሳይዎት፤ ይኸው ስልኬ ላይ አለ። ከዜሮ ጀምሮ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይወጣል፣ ይወጣል፣ 15 ላይ ይደርስና ከዚያ አንድ መስመር ብቻ፣ «15–24»። አሥር ዓመት በአንድ መስመር። ለዚህ ሰው ደመወዙ ከፍ የሚልበት ዋናው በር የካውንቲው ሳፕሊመንት ነው፤ አሁን እሱንም እንዝጋው ነው የሚሉት።

ጋሼ፦ ማስተርስ የለሽም እንዴ? በእሱ አይጨምሩልሽም?

መምህርት፦ ሕግ አውጪው በ2013 ከለከለ። በፊት ለማስተርስ አሥር በመቶ ነበር፤ ቀድመው የጀመሩት ይዘውት ቀሩ፣ እኛ ዘግይተን የመጣነው ዲግሪውን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ካውንቲ ከራሱ ኪስ ልክፈል ቢል ይችላል። የእኛ አላለም።

ጋሼ፦ እሺ፣ ለምንድን ነው ታዲያ ጀማሪው ላይ የሚያተኩሩት?

መምህርት፦ ማስታወቂያ ነዋ። የቅጥር ቀን ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ከዩኒቨርሲቲ የወጡትን ሲጠብቁ ትልቅ ወረቀት ላይ የሚጻፈው የመነሻ ደመወዝ ነው። «ለ17 ዓመት አገልጋይ ይህን ያህል» ብሎ የሚለጥፍ አይቼ አላውቅም። እኔ የምለው፣ ትምህርት ቤት የሚቆመው የሚገባውን መምህር በማብዛት ሳይሆን የሚለቀውን በመቀነስ ነው። ባለፈው ዓመት ጎኔ ያለው ክፍል ሁለት ጊዜ መምህር ቀየረ። ሦስተኛዋ እስክትመጣ የሁለቱንም ክፍል የቤት ሥራ ያረምኩት እኔ ነኝ። እኔም ብሄድስ?

ጋሼ፦ እንግዲህ በመቶኛው ይቅር አትበሉ በያቸው።

መምህርት፦ በመቶኛው ይቆይ ነው የምለው። ስቴቱ ሲጨምር አብሮ ይጨምራል። የተቆረጠ ገንዘብ ግን አንዴ ይወሰንና ይረሳል፤ አሥር ዓመት ሙሉ ያው 7,000። የሚያስታውሰው የለም።

ጋሼ፦ ቆይ፣ ቆይ። አሁን ደግሞ እኔ ልናገር። አብሮ ይጨምራል ያልሽው ለአንቺ ደስታ ነው፣ ለእኔ ሥጋት። ራሌ ያለው ምክር ቤት ሦስት በመቶ ጨመርኩ ብሎ ስሙን ያስጠራል፤ የካውንቲው ወጪ ሳይጠየቅ ከፍ ይላል፤ ደረሰኙ እኔ በር ላይ ይመጣል። ምክር ቤቱ ደግሞ በጊዜ ቢወስን እኮ ደግ ነበር።

መምህርት፦ እሱማ አይወስንም። ካውንቲው በጀቱን ለጁላይ 1 ማድረስ አለበት። የ2021ዱ የስቴት በጀት ኖቬምበር ላይ ነው የተፈረመው፤ የ2023ቱ ኦክቶበር ላይ ያለ ፊርማ ሕግ ሆነ። በ2019 አጠቃላይ በጀቱ ጭራሽ ሳይጸድቅ ቀረ። ካውንቲው የሚያባዛበትን ቁጥር ሳያውቅ ነው በመቶኛ ቃል የሚገባው።

ጋሼ፦ አየሽ? እንግዲህ የካውንቲው ገንዘብ ያዥ እንቅልፍ ቢያጣ አትፍረጂበት።

መምህርት፦ አልፈርድበትም፤ እንዲያውም የማይነገርለትን ልንገርዎት። ለእኔ 1,000 ዶላር ሲጨመር ለካውንቲው ከ1,300 በላይ ነው። ለጡረታና ለጡረተኞች ጤና ወደ ሩብ የሚጠጋ፣ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ ይከፍልበታል። በዚያ ላይ ካውንቲው ለሥራ ማስኬጃ ከሚሰጠው ገንዘብ ቻርተር ትምህርት ቤት ለሄዱት ልጆች በነፍስ ወከፍ ድርሻቸው ይላካል። ካውንቲው ለእኛ ብሎ ገንዘብ በጨመረ ቁጥር የእነሱም ድርሻ ያድጋል። ቻርተር ትምህርት ቤቱ መምህሩን ይጨምርበት፣ አይጨምርበት የራሱ ጉዳይ ነው።

ጋሼ፦ ይኼ ሁሉ እኔን ስንት ያስከፍለኛል? ዙሪያ ጥምጥሙን ተይውና።

መምህርት፦ አንድ ሳንቲም። ማለት፣ ከ100 ዶላር የቤት ግምት ላይ አንድ ሳንቲም ነው የሚጠይቁት። የእርስዎ ቤት በአዲሱ ግምት ስንት ሆነ?

ጋሼ፦ 400,000። የገዛሁት በሲሶው ነው። ቤቱ ያው ነው፣ ጣሪያው ብቻ አርጅቷል።

መምህርት፦ 400,000 ከሆነ አንድ ሳንቲም ማለት በዓመት 40 ዶላር ነው።

ጋሼ፦ አርባ ዶላር ብቻውን አይመጣም ልጄ። ግምቱ ሲወጣ አንድ ጭማሪ፣ ለእሳት አደጋ አንድ ጭማሪ፣ ለቤተ መጻሕፍት አንድ ጭማሪ። ሁሉም «አንድ ሳንቲም ብቻ» ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቼኬን እኔ አልገምተውም፣ እሱም እንደ ቤቱ ግምት አያድግልኝም።

መምህርት፦ የአዛውንቶቹን ቅናሽ ሞልተዋል? ዕድሜው 65 የሞላ፣ ገቢው ከተወሰነው ጣሪያ በታች የሆነ፣ በሚኖርበት ቤት ግምት ላይ 25,000 ዶላር ወይም ግማሹ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ይነሣለታል።

ጋሼ፦ ግማሹ?

መምህርት፦ ግማሹ። ማመልከቻው እስከ ጁን 1 ነው።

ጋሼ፦ ይኼን ነገር እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ ስለ ሳፕሊመንት ታወሪኛለሽ?

መምህርት፦ ዛሬ ማታ አብረን እንሞላዋለን። ግን ያንን አንድ ሳንቲም ወደ ጎን አይተዉብኝ፤ የበረሃ አበሉ ነገር እዚያ ውስጥ ነው ያለው። የንብረቱ ግምት 300 ቢሊዮን ዶላር በሆነ ካውንቲ አንድ ሳንቲም 30 ሚሊዮን ያመጣል። 2 ቢሊዮን በሆነው 200,000። የሁለተኛው ካውንቲ ሰውዬ እንደ እርስዎ ያው ሳንቲም ተጨምሮበት፣ ያው ተማርሮ፣ ለመምህሩ የሚደርሰው የቡና መጠጫ ነው። በዚያ ላይ ሃሊፋክስን የመሰለው በአንድ ካውንቲ ውስጥ ሦስት የትምህርት ዲስትሪክት ይዞ ነው የሚኖረው።

ጋሼ፦ እንግዲህ የእናንተ ማኅበር ይኼን ተነሥቶ አይናገርም? እኔ ወጣት መምህር ሳለሁ፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1966፣ ማኅበራችን ሥራ አቆመ። ደመወዙ ነበረ፣ ሴክተር ሪቪው የሚባለው የትምህርት ዕቅድ ነበረ። ታክሲው አቆመ፣ ተማሪው ወጣ፣ የሆነው ሆነ። እሱን ድገሙ አልልም፤ የመጣውን አይተናል። ግን ቢያንስ ተሰማን።

መምህርት፦ እዚህ በሕግ የተከለከለ ነው። ከ1959 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ማኅበር የጋራ ስምምነት መፈራረም አይችልም፤ ሥራ ማቆምም ክልክል ነው። ማኅበር አለን፤ ይናገራል፣ ይጽፋል፣ ጠረጴዛ ላይ ግን አይቀመጥም። ሜይ 16 ቀን 2018 በሺዎች ሆነን ቀይ ለብሰን ራሌ ወጣን። በሥራ ማቆም ሳይሆን በግል ፈቃድ ነው። ያኔ የግል ፈቃድ ስንወስድ ለተተኪ መምህር 50 ዶላር ይቆረጥብን ነበር። ተቃውሞ ለመውጣት የመግቢያ ዋጋ ከፍለናል ማለት ነው።

ጋሼ፦ (ይስቃሉ) በእኛ ጊዜ መግቢያው ነፃ ነበር፤ የሚያስከፍለው መውጫው ነው።

መምህርት፦ ሌላም የምፈራው አለ። የደመወዝ ማሻሻያ ሲቸኩል ምን እንደሚያመጣ ደርሃም ላይ አይተናል። መምህራኑ ሳይሆኑ የአውቶቡስ ሾፌሮቹ፣ የጥገና ሠራተኞቹ፣ የመምህር ረዳቶቹ ነበሩ። በ2023 መኸር ጭማሪ ተሰጣቸው፤ በጃንዋሪ 2024 ስሌቱ ስሕተት ነበረ፣ ከታሰበው በብዙ ሚሊዮን ዶላር አልፏል ተባለ። ሰው በአዲሱ ደመወዝ ኪራይ ተዋውሏል፣ መኪና ገዝቷል። ሠራተኛው ቀረ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ሱፐርኢንቴንደንቱ ለቀቀ። የሰጠኸውን መንጠቅ ካለመስጠት ይብሳል።

ጋሼ፦ እሺ፣ ሰኞ ካውንቲው ነዋሪውን ሲሰማ እመጣለሁ። ስንት ሰዓት ይሰጡኛል?

መምህርት፦ ሦስት ደቂቃ።

ጋሼ፦ ሦስት ደቂቃ! እኔ ጤና ይስጥልኝ ብዬ ሳልጨርስ?

መምህርት፦ ሰላምታውን እኔ እላለሁ። እርስዎ ምን ይላሉ?

ጋሼ፦ ሳንቲሙን ጨምሩ እላለሁ። አትደሰቺ፣ አልጨረስኩም። ጨምሩ፣ ግን ለማስታወቂያ አይሁን፤ እዚያ አሥር ዓመት በአንድ መስመር ለተቀመጡት ይሁን። በመቶኛው ይቆይ፣ ግን ጣሪያ ይኑረው፤ ምክር ቤቱ ያሻውን በጨመረ ቁጥር እኔ ሳልጠየቅ አልከፍልም። ቀጥሎ፣ ባለፈው ዓመት የቀጠራችኋቸው መምህራን ከየትኛው ካውንቲ እንደመጡ ጽፋችሁ አውጡ እላለሁ። ዝርዝሩን ይዛችሁ ምክር ቤቱ ዘንድ ሂዱና የስቴቱ ሰንጠረዥ ይስተካከል ብላችሁ ተከራከሩ። ሀብታም ካውንቲ ሲናገር ይሰማል።

መምህርት፦ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ሰኞ የሚቀመጡት የካውንቲው ኮሚሽነሮች ናቸው። እነሱ ገንዘቡን ነው የሚሰጡት። ቀመሩን፣ ማለት ለጀማሪ ይሁን ለአንጋፋ የሚለውን የሚወስነው የትምህርት ቦርዱ ነው፤ ቦርዱ ደግሞ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም። አንዱ ገንዘብ አለው፣ ቀመር የለውም፤ ሌላው ቀመር አለው፣ ገንዘብ የለውም።

ጋሼ፦ ታዲያ ለማን ነው የምናገረው?

መምህርት፦ ሰኞ ስለ ሳንቲሙ ለኮሚሽነሮቹ። በማግስቱ ስለ መስመሩ ለቦርዱ። እዚያም ሦስት ደቂቃ አለዎት።

ጋሼ፦ ስድስት ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። በይ እስቲ፣ መጀመሪያ ያንን የግማሹን ቅጽ አምጪው።